ያልረጋው መረብ

በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ከሚሴ የተመለስኩት አንድ የሂሳብ ማረጋገጫ ልጨርስ ነበር። እሱ ካላለቀ የዶክትሬት ጽሑፌን ማቅረብ አልችልም፤ አማካሪዬም "ከዚህ በኋላ ጊዜ አይጨመርልህም" ብሎኛል።

ሥራዬን ለአባቴ ማስረዳት ራሱ አበሳ ነበር። አባቴ የጨፋ ሮቢት ገበያ የከብት ደላላ ነበር። "በሬ ስታይ ጥርሱን፣ ሻኛውን፣ አረማመዱን፣ ዓይኑን ታያለህ አይደል?" አልኩት። "በመጨረሻ ግን የምትለው ሁለት ነገር ነው፤ ጉልበት አለው ወይ፣ ሥጋ አለው ወይ። እኔም ብዙውን ቁጥር ወደ ጥቂት የሚያወርድ መረብ ነው የያዝኩት። እንደ አንጎል ሴሎች ነው፤ እያንዳንዱ ሴል የሚያውቀው የራሱንና የጎረቤቱን ብቻ ነው። ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያይ የለም።"

"ታዲያ ምን ቸገረህ?"

"እየተማረ ሄዶ አንድ ቦታ እንደሚረጋ ማሳየት አለብኝ።"

"አብሽር፣ ይረጋል" አለኝ። ደላላ አይደል፣ ያላየውን በሬ ያሻሽጣል!

እውነትም ኮምፒውተሬ ላይ በሞከርኩት ቁጥር ይረጋል። ማረጋገጫውን ጻፍኩና፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ አባቴን "አለቀ" አልኩት።

በማግስቱ አባቴ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ለምስጋና ዱዓ ጠራ። እኛ ዘንድ ደስታም ሆነ ጭንቅ ያለ ዱዓ አይታለፍም። ፍየል ታረደ፣ ጫት መጣ። እኔ ደግሞ በዚያው ጠዋት ወረቀቴን ሳገላብጥ ቀዳዳውን አየሁት። በሴሎቹ መካከል ያለው ትስስር የሚለወጠው በጣም ቀስ ብሎ ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ማን አለ? እኔ አልኩ! ለውጡ ፈጠን ካለ መረቡ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል እንጂ አይረጋም። ጽሑፌ ግን በየትኛውም ፍጥነት ይረጋል ነበር የሚለው።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው "ያገኘውን አላህ ያጽናለት" ሲሉ አሚን አልኩ። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼው አላውቅም። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጃባዱ፣ በርታ ዶክተራችን" አለኝ። ፈገግ አልኩ።

ወራት ለፋሁ። አንዱን ቀዳዳ ስደፍን ሌላው ይከፈታል። የተሰጠኝ ጊዜ አለቀና ስሜ ከተማሪዎቹ ዝርዝር ወጣ። ምግብ አስጠላኝ፣ ሰው አስጠላኝ፤ ጠዋት ከአልጋዬ የምነሳበት ምክንያት አጣሁ።

በመጨረሻ ለአባቴ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ምነው በተቆጣ። "ለሽማግሌዎቹ እንዳትነግር" አለኝ። "ዱዓችን አልደረሰም ብለው ያዝናሉ።"

አሁን እዚሁ ከሚሴ ሂሳብ አስተምራለሁ። አባቴ አልፏል፤ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በሕይወት አሉ። ከጁምዓ ሲመለሱ መንገድ ላይ ካገኙኝ "ዶክተር!" ብለው ይጣራሉ፣ እኔም አቤት እላለሁ።