በውሸት የጨረስኩት መጽሐፍ

የባሕር እርጥበት የበላው ወረቀት ሽታ መቼም አይጠፋኝም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የአሮጌ መጻሕፍት ካርቶን ደጃፌ ላይ ስትከፍት ሸተተኝና የያዝኩትን ጥዬ ቁጭ አልኩ። ምን ነካሽ አትበለኝ፤ ልንገርህ።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ እዚሁ ጅቡቲ አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ዘንድ እያደረች ትሠራ ነበር። እኔ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ከአክስቴ ጋር እኖርና በፈረንሳይኛ እማር ነበር። ከእናቴ ጋር የምንገናኘው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ማዳሟ እርጥበት በላው ብላ የምትጥለውን መጽሐፍ ሁሉ በፌስታል ይዛልኝ ትመጣለች፤ ራሷ ማንበብ ባትችልም መጽሐፍ ሲጣል አንጀቷ አይችልም። እኔ ፈረንሳይኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ ወለሉ ላይ ተጋድማ፣ ያበጡ እግሮቿን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ትሰማኛለች።

አንድ ዓርብ ያመጣችው መጽሐፍ ቀጭን ነበር። ታሪኩ የድሮ ነው፦ የወደብ ከተማ፣ ነጭ ጌቶች፣ ጥቁር አገልጋዮች። ጌቶቹ ራት በቀረበ ቁጥር የአንድ አገልጋይ ስም ይበላሉ። የምሬን ነው፣ ሳህን ላይ አቅርበው፣ በሹካ። ስሟ የተበላባት ሴት ፊቷ ቀስ በቀስ ይጠፋና የቤቱ ግድግዳ ትሆናለች። እኔ እንደ ጭራቅ ተረት ነበር የያዝኩት። እናቴ ግን ተነስታ ተቀመጠች።

«እኔንም እኮ ፋጡማ ነው የሚሉኝ» አለች።

ፋጡማ ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ነበረች። ማዳሟ አዲስ ስም መያዝ ሰለቻትና በዚያው ቀጠለች፤ እናቴም ስድስት ዓመት ሙሉ አቤት አለች። ብርጭቆዋ እንኳ ለብቻው፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከበረኪናው አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ አልደርስ አላት። ገና ከበሩ ሳትገባ «ያቺ ሴትዮ ምን ሆነች?» ትለኛለች። አክስቴ «ኧረ ተዪ አንቺ ሴት፣ ይሄ የሰይጣን መጽሐፍ ነው» ብትል ማን ሰምቷት!

የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀድሜ ለብቻዬ አነበብኩት። የአገልጋይዋ ልጅ እናቷን ፍለጋ መጥታ በአጥሩ በኩል ትጣራለች። እናትየው ድምፁን ትሰማለች፣ ግን የምትጠራው እሷ መሆኗን አታውቅም። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። አልቅሼ ወረወርኩት። ይህን ለእናቴ በምን አፌ ልንገራት? ዓርብ ስትመጣ ገጹን እየገለጥኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋት። ሴትየዋ ራት ላይ ቆማ ስሟን ጮክ ብላ ተናገረች፣ ጌቶቹ ሹካቸውን ጣሉ፣ በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ አልኳት። እናቴ እልል አለች። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

በማግስቱ ምሳ ላይ እንግዶች ነበሩ። ማዳሟ «ፋጡማ» ብላ ስትጣራ እናቴ ትሪውን አስቀመጠችና በዚያች በተሰባበረች ፈረንሳይኛዋ «ፋጡማ አይደለሁም፤ ስሜ ወይንሸት ነው» አለች። እንግዶቹ ሳቁ። ማዳሟ አልሳቀችም። ገና ሳይመሽ እናቴ ልብሷን ጠቅልላ የአክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር።

የመኖሪያ ፈቃዷ በእነሱ ዋስትና የወጣ ነበርና ያለ እነሱ ዋጋ አልነበረውም። ሌላ ቤት ፈለግን፤ አፈኛ ናት የሚለው ወሬ ቀድሟት ይደርሳል። በመጨረሻ አንድ የአገራችን የከባድ መኪና ሹፌር ወደ አገሯ ሊወስዳት ተስማማ። እኔ ለትምህርቴ ብዬ ከአክስቴ ጋር ቀረሁ።

መኪኖቹ በሚቆሙበት ሜዳ የናፍጣው ጭስና ሙቀቱ አንድ ላይ ያፍኑ ነበር። እጇን ያዝኩና «እማዬ፣ መጽሐፉ እንደዚያ አያልቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኳት።

በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«እና እንዴት ነው የሚያልቀው?»

አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ሹፌሩ «ኧረ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ፣ እናቴ» እያለ ይጣራል። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«ያንቺው ይሻላል» አለችና ወደ መኪናው ወጣች።

ሁለት ዓመት ሳይሞላት አገሯ ላይ ሞተች፤ ለቀብሯም አልደረስኩ። ያን ቀን በጥፊ ብትመታኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።