ከካርቱም እስከ ጋሽ ገመቹ ቮልስ

ካርቱምን የለቀቅነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር፤ ተኩሱ በዚያ ሰዓት ትንሽ ፋታ ይሰጣልና። የካርቱም ተወላጅ የሆነችው ባለቤቴ ሪሃብ የእናቷን እጅ ይዛ ለመነች፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች። እናቷ ግን "በእርጅናዬ ሰው አገር ሄጄ የሰው ፊት አላይም" አሉና በሩን ከውስጥ ዘጉት። ሪሃብን ከበሩ ላይ ጎትቼ ነው መኪና ያሳፈርኳት። ከዚያ መተማ እስክንደርስ ቃል አልወጣትም። አዲስ አበባ ገብተንም "አይዋ"ና "ላ" ብቻ ሆነ ንግግሯ፤ እሺና እምቢ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ለቀራችሁም፣ በየአገሩ ለተበተናችሁም የካርቱም አበሾች ነው። እኔ የጎንደር ልጅ ብሆንም ጢሜ የበቀለው እዚያው ነው፤ አዲስ አበባን የማውቃት በቴሌቪዥን ነበር። ከከተማው ዳር፣ ፉሪ የደረስነው በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። ጥላ ስንሻማ የኖርን ሰዎች፣ እዚህ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር በርጩማ ይዘን እንሮጥ ጀመር። ሻይ በወተት አለ፤ የካርቱምን የመንገድ ዳር ሻይ ሻጮች ጨዋታ ግን ማን ያምጣው? ጎረቤትም እንደዚያ አገር ሳያንኳኳ ዘው አይልም።

ቤት ያከራዩን ጋሽ ገመቹ የፉሪ ነባር ገበሬ ናቸው። መሬታቸው ሕንፃ በሕንፃ ሆኖ፣ የቀሯቸው ጥቂት ላሞችና ጓሮው ናቸው። ገና ሲያዩን፣

"የሚስትህ ስም ማን ነው?" አሉኝ።

"ሪሃብ።"

"ረሃብ? ምነው ልጄ፣ የአገሩ አንሶ ከውጭ ታስገባብናለህ?"

"ኧረ ጋሼ! በአረብኛ ሰፊ ስፍራ ማለት ነው።"

"እሱም አያስኬድም፤ ክፍሉ ጠባብ ነው። ሥራህስ?"

"ሰምከሪ ነኝ።"

"እሱ ደግሞ በሽታ ነው?"

"የመኪና ቆርቆሮ የምቀጠቅጥ፣ የምበይድ..."

"ባትላሜራ ነኝ አትለኝም! ና እስቲ።"

ከበረቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ላስቲክ የለበሰች አሮጌ ቮልስ ቆማለች። በወጣትነታቸው ወተት ጭነው ጎፋ ድረስ የሚያከፋፍሉባት ነበረች። አሁን ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቸርች መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል። ጎረቤቱ "ለቁራሌ ስጣት" ይላቸዋል። እሳቸው ግን "ጫልቱን ሙሽራ ሆና ያመጣኋት በሷ ነው፤ ቸርችም በሷ ነው የምትሄደው፤ ሞተሯ ይነሳል፣ አካሏን ጠግንልኝ" አሉኝ።

ምንጣፉን ስገልጠው ወለሉ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ፤ መሬቱ ይታያል። ጎማውን የሚከልለው ፓራፋንጎ ላይ አንድ ሰው ስቱኮ ለጥፎ ዝገቱን ሸፍኖት ኖሯል፤ በመዶሻ ነካ ሳደርገው ወደቀ። አዲስ ወለል ብንፈልግ ጠፋ። በመጨረሻ ከተጋጨ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ላሜራ ቆርጬ፣ ቀጥቅጬ ቅርፁን አወጣሁለት።

ችግሩ መግጠሙ ላይ መጣ። እኔ ከላይ ስበይድ ከሥር ደግፎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ጋሽ ገመቹ ወገባቸው አይታጠፍም። ሪሃብ በር ላይ ቁጭ ብላ ታየን ነበር። ተነሳች፣ ጃኬቴን ደረበች፣ መኪናው ሥር ገባች።

ስበይድ ፍንጣሪው እጇ ላይ አረፈ።

"አንተ አህያ!" ብላ ጮኸች በአረብኛ። "ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትሠራው?" ከዚያ አላቆመችም። ከብየዳው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ጎትቼ ወዳላቀቅኳት ወደ እናቷ በር ሄደች። "እናቴን አስጥለኸኝ!" እያለች መኪናው ሥር እንደተጋደመች ተንሰቀሰቀች። የምበይድበትን ጥዬ ላጎነብስ ስል ጋሽ ገመቹ፣ አንድም ቃል ሳይገባቸው፣ ትከሻዬን ያዙኝ።

"ተዋት፣ ይውጣላት።"

ቆይታ፣ አፍንጫዋን ስባ፣ "በል ቀጥል፣ ክንዴ ዛለ" አለች።

እሑድ ጠዋት፣ የቮልሷ ቀለም ገና ዝንጉርጉር እያለ፣ ጋሽ ገመቹ መሪውን ይዘው፣ እትዬ ጫልቱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወደ ቸርች ወጣን። እትዬ ጫልቱ ገና ከግቢው ሳንወጣ መዝሙር ጀመሩ። ሪሃብ በእግሯ ወለሉን ረገጥ ረገጥ አድርጋ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ፤ እናቷ ናቸው። ስንት ጊዜ ሞክረን ያልተገኘ መስመር! ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እንዳለቀ፣ ዳቦ እንደጠፋ ነገሯት። ሪሃብም የእኛን ስትተርክ ወለሉን፣ ላሜራውን፣ የተቃጠለውን እጇን ሳይቀር አወራችላቸው። እናቷ ሰምተው ሲጨርሱ፣

"ይቺ መኪናችሁ እዚህ ድረስ ትመጣለች?" አሏት።

ሪሃብ ቀና ብላ አየችኝ።

"ትመጣለች እማ፣ ትመጣለች" አለች።

ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ብታየው መስመሩ ተቋርጧል። ይስሟት፣ አይስሟት እስከ ዛሬ አላወቅንም።