ጓደኛውን ሊያስመረምር የሄደው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩ ሃያ ዓመት የሰው ጭንቅላት ሲያይ የኖረ ነው። ማን እንደከሳ፣ የማን ፀጉር እንደሳሳ ከሰውየው ሚስት ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለልጅነት ጓደኛው ለመካኒኩ ፎጣ ሲያስርለት፣ አንገቱ ላይ በአንድ ወገን ብቻ የተሰለፈ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አየ። አልማዝ ባለጭራ። ሰውየው ከሦስት ወር ወዲህ ቱታው እስኪሰፋው ከስቷል።

ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀና፣ «ተመርመር» አለው።

«ምኑን?»

«ኤችአይቪን ነዋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

መካኒኩ ሳቀ። «እሺ፣ አንተም አብረኸኝ ከተወጋህ።»

«ምን ገዶኝ» አለ አስተካካዩ። ሚስቱ ልጃቸውን ባረገዘች ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ተመርምራ ነጻ ወጥታለች፤ የእሷን ውጤት እንደ ራሱ ቆጥሮት ነበር።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ከሁለቱም ጣት ደም ወሰደች። መካኒኩ ነጻ ሆነ፤ ክሳቱ የስኳር ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ወደ ሐኪም ተላከ። አስተካካዩ ግን ለሁለተኛ፣ ደግሞም ለሦስተኛ ጊዜ ተወጋ። ከዚያ ነርሷ በሩን ዘጋችና ቫይረሱ ደሙ ውስጥ መገኘቱን ነገረችው።

«ተሳስታችኋል፤ የታመመው እኮ እሱ ነው።»

«መልክ አይናገርም። ምንም ሳያሳይ ዓመታት ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ይዞዎት አያውቅም?»

ይዞት ያውቃል። አምና ሚስቱ እርጉዝ ሳለች፣ ዕቃ ሊገዛ ከሄደበት ከተማ በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት። ጉንፋን ነው ብሎ አለፈው። እዚያ ከተማ ከአንዲት ሴት ጋር አድሮ ነበር።

«ምላጩስ? ደንበኞቼስ?»

«ለየሰዉ ይቀይራሉ?»

«ሁሌም።»

«እንግዲያው እሱን ይተዉት። ባለቤትዎን ያምጡልኝ።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የስምንት ወር ልጃቸውን ታጠባለች። ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ «አታጥቢው» አለ።

«ምን ሆነሃል? እየጠባ እኮ ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና እየተንተባተበ ነገራት። አልጮኸችም። ልጁን ደረቷ ላይ እንደያዘች ግድግዳውን ታይ ነበር።

በማግስቱ የእሷም ደም ቫይረሱ ተገኘበት። የልጁ ግን በጣት ምርመራ አይታወቅም፤ ከእናቱ ደም የወረሰው መከላከያ ውጤቱን ያሳስታል። ስለዚህ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ወደ ሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ተላከ። አስተካካዩ ሱቁን ሳይከፍት በየማለዳው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ነርሷ ገና ከሩቅ ስታየው «አልመጣም» ለማለት ራሷን ትነቀንቃለች።

«ሄደህ አታፈጥነውም» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን። ከሳምንት ወዲህ ያናገረችው ያን ብቻ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ። ልጁም እንደ እነሱ ነው። ነርሷ በጊዜ መታወቁ መልካም መሆኑን፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ ከእኩዮቹ ጋር እንደሚያድግ አስረዳቻቸው። አስተካካዩ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ከሰማው ግን አንዱንም አልያዘም።

አሁን ሁለቱም እንክብላቸውን ይውጣሉ። ልጁ ጠዋትና ማታ መድኃኒት አለው። አባት ሊያግዝ እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ ቀና ብላም አታየውም።

«ተወው፣ እኔ እሰጠዋለሁ» ትላለች።