ከጉና ሥር ወደ አንበሳሜ፣ በአያ ሙላት መኪና

ዓርብ ጠዋት

ከቤት የወጣነው ዓርብ ጠዋት፣ የጉና ጭጋግ ሳይነሳ ነው። አንበሳሜ ያገባችው እህቴ የወለደቻት ልጅ በማግስቱ ቅዳሜ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል፤ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስለምትጠመቅ ቀኑን ማሳለፍ አይሆንም። ይዘውኝ የሚሄዱት የእናቴ ወንድም አያ ሙላት ናቸው። ድንች ወደ ገበያ የሚያመላልሱባት አንዲት አሮጌ መኪና አለቻቸው።

ስንነሳ የጎረቤት ውሾች የፊተኛውን የቀኝ ጎማ ከበው ከጀርባው ይልሱ ነበር። አያ ሙላት በድንጋይ አባረሯቸው። ሁለት ጆንያ ድንች ለድግሱ ጫንንና ጠጠሩን መንገድ ቁልቁል ያዝነው። በሁለቱም በኩል ገብስ ነው፤ ጤዛው ገና አልረገፈም።

መኪናዋ ወደ ግራ በዞረች ቁጥር ቀጭ ቀጭ ትላለች። መንገዱ ቀጥ ሲል ዝም።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አልኳቸው።

«እርጅና ነው። የእኔም ጉልበት ስነሳ እንዲሁ ይላል።»

ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ አስፋልቱን ስንይዝ ድምፁ በረታ። ደብረ ታቦር ልንገባ ስንል አንዱ ጥምዝ ላይ መሪው እጃቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አያ ሙላት ዳር ይዘው ቆሙ። «ወደ ዓለም በር የሚወስደውን ቁልቁለት በዚህ አንወርደውም» አሉ።

ደብረ ታቦር

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ሜዳ አጠገብ ነው። መካኒኩ አዲሱ የሚባል ቀጭን ሰው ነው። እሱ መኪናዋን ሲያይ እኔ መናኸሪያ ደርሼ መጣሁ፤ ወደ አንበሳሜ በቀን አንዴ የሚሄደው ሚኒባስ በማለዳ ወጥቷል። ያለችን ይህችው መኪና ብቻ ናት።

«ስትዞር ብቻ የምትጮህ ከሆነ ከጎማው ጀርባ ያለው የአክስል መጋጠሚያ ነው» አለ አዲሱ። «ግን የቱ ነው? አንዱን ፈትቼ እስክገጥም ቀኑ ይጋመሳል። ከሳትን ዛሬ አትሄዱም።»

«ወደ ግራ ስዞር ነው የሚጮኸው። ግራውን ፍታ» አሉ አያ ሙላት። «ቀኙን እኔው በእጄ ጠግኜዋለሁ፤ እሱ ደህና ነው።»

አዲሱ ግን መጀመሪያ መሪውን በእጁ ማየት ፈለገ። አብሮት የሚሠራው ልጅ ቅዳሴ ሄዷል። ስለዚህ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ ሜዳው ላይ ቀስ ብዬ አዞራታለሁ። አንቺ አጠገቧ እየሄድሽ ከየትኛው ጎማ እንደሚጮህ ስሚልኝ» አለኝ።

እምቢ ለማለትም መናገር ያስፈልጋል። ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ሳብ አድርጌ ሄድኩ። መኪናዋ ትዞራለች፣ እኔም እዞራለሁ። የሜዳው ጥግ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ማየት ጀመሩ።

«እቴ፣ ታቦት ነው ወይ የምታጅቢው?» አለ አንዱ።

«ተዋት፣ መኪናዋን ልትገዛት ነው፤ ከወዲሁ እያላመደቻት ነው» አለ ሌላው።

መጀመሪያ በግራው፣ ቀጥዬ በቀኙ ጎማ በኩል ሄድኩ። ወደ ግራ ስትዞር ቀጭ ቀጩ የሚመጣው ከቀኙ ነው። መኪናዋ ስትቆም «ቀኙ ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። አያ ሙላት ቀርበው «ግራው ነው አላልኩም?» እያሉ ነበር። አዲሱ ክሪኩን አምጥቶ በግራው ጎማ በኩል አስገባና ማንሳት ጀመረ።

አያ ሙላት ያሳደጉኝ ያህል ናቸው። ሰው ፊት ይቅርና ቤት ውስጥም መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም። ግን ጎማው ከመሬት እየተነሳ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቀሳውስቱ ልጅቷን ይዘው የክርስትና እናቷን ሲጠብቁ ታየኝ።

«ቀኙ ነው!» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትናገሪው?» አሉ አያ ሙላት።

«ውሾቹም የሚልሱት ቀኙን ነው» አልኩ። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

ሰዎቹ ሳቁ። አዲሱ ግን አልሳቀም። «ምን ውሾች?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ክሪኩን አወረደና ወደ ቀኙ ወሰደው።

ጎማው ሲወልቅ መጋጠሚያው ላይ መሸፈኛው ላስቲክ የለም። በእሱ ቦታ የበግ ቆዳ ተጠቅልሎ በጠፍር ታስሯል። አዲሱ ጠፍሩን ቆርጦ አሸተተው።

«ጋሼ፣ ውስጡ ምን አደረጉበት?»

«ቅባት ነዋ።»

«ምን ቅባት?»

«የበግ ሞራ» አሉ አያ ሙላት። «የሞፈሩን ጠፍር የምናለሰልሰው በእሱ አይደል? እኛ ጋ ግራሶ ከየት ይመጣል?»

«ጠፍር አይግልም፤ ይሄ ግን ሲሽከረከር ይግላል። ሞራው ቀልጦ ፈስሷል፣ በቦታው አሸዋ ገብቷል።»

ከሜዳው ጥግ አንዱ «በዓርብ ምድር! መኪናዋ ጾም ገድፋለች» አለ። አያ ሙላት ከሁሉም በላይ ሳቁ።

ውስጡ ያሉት የብረት ኳሶች ተቦርቡረዋል። አዲሱ ከመለዋወጫ ሱቅ ሌላ መጋጠሚያ ከነላስቲኩ አስመጣ፣ በግራሶ ሞልቶ ገጠመው። እኛ እስከዚያው ሽሮ በላን። ሲጨርስ መኪናዋን ሜዳው ላይ አዞራት። ማንም ሳይለምነኝ አጠገቧ ሄድኩ። በግራም በቀኝም ዝም አለች።

አንበሳሜ

ቁልቁለቱን ስንወርድ አያ ሙላት በየጥምዙ ወሬ ያቋርጡና ጆሯቸውን ጣል ያደርጋሉ። ዓለም በርን አለፍን፤ ወረታ ላይ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው፣ አየሩም ሞቀ። ከሐሙሲት ታጥፈን አንበሳሜ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እህቴ ደጅ ቆማ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልጅቷን እንዳቀፍኩ ቄሱ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞሩኝ። ስለ ልጅቷ ሰይጣንን የምክደው እኔ ነኝ። አልኩት።

«አልሰማሁሽም» አሉ ቄሱ።

ሜዳው ላይ ባወጣሁት ድምፅ ደገምኩት። ከኋላዬ አያ ሙላት ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሲያፍኑ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞርኩና የቀረውንም ሳልጠየቅ ጮክ ብዬ አልኩ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ አላለቀሰችም።

እሁድ፣ ቤት

መኪና ወደ ግራ ስትዞር ክብደቷ የሚያርፈው በቀኟ ነው። ይህን አዲሱ ነው የነገረኝ፤ በየጥምዙ እያሰብኩት ተመለስኩ። አያ ሙላት ክምር ድንጋይ ላይ መሪውን እንደያዙ «ምን ይሰማሻል?» አሉኝ። እስካሁን ስለ መኪናዋ ጠይቀውኝ አያውቁም። «ምንም» አልኳቸው።

ሰፈር ስንደርስ ውሾቹ ሮጠው መጡ። ከቀኙ ጎማ ጀርባ አሸተቱ፣ አንዱ ምላሱን አስነካ፣ ከዚያ ትተውት ሄዱ።