የእማዬን ስም የለጠፍኩባቸው ጠርሙሶች

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ተዘግቶ እዚሁ ጂንካ እቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ዛሬም ወረቀት የተለጠፈበት የአረቄ ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ደግሞ ለማታለያው እጄን ያዋስኩት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ይህን ያደረገብን የግሮሰሪ ባለቤት በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ያን ጊዜ "ጋሼ፣ እርስዎ" እያልኩ ነበር የማናግረው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን "እሱ" እለዋለሁ። አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ።

እማዬ አስቴር ትባላለች። አረቄ ታወጣለች። እኔንና ሁለት ታናናሾቼን ያሳደገችን በዚሁ ነው። እሷ ራሷ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ አትጠጣም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "አስቴር፣ ይሄን ነገር መቼ ነው የምትተይው?" ሲሏት፣ "ልጆቼ ተምረው ሲጨርሱ" ትላለች። ስለማትቀምሰው አረቄዋን የምትፈትነው በእሳት ነው። ከጋኑ የወረደውን ትንሽ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ታፈስና ክብሪት ትጭርበታለች። ነበልባሉ ቶሎ ከጠፋ ለሰው አትሸጠውም፣ ተመልሶ ጋን ውስጥ ይገባል። ከነደደላት ደግሞ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ እጆቿን ታፋትግና ታሸተዋለች።

አንዱ ጋን እንደ ሌላው ጋን ሆኖ ወጥቶ አያውቅም። ጌሾው ከበረታ፣ በቆሎው ሲቆላ ትንሽ ካረረ፣ እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ያስታውቃል። ግሮሰሪዎቹ ግን ለዚህ ግድ የላቸውም። ከእማዬም ከጎረቤቶቻችንም የገዙትን በአንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ይደባልቁትና በመለኪያ ይሸጡታል። የበርሜል አረቄ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። የሚያመሰግነውም የሚራገመውም የለም።

አንድ ቀን ታዲያ መኩሪያ፣ የዚያ ግሮሰሪ ባለቤት ማለት ነው፣ ግቢያችን መጥቶ የአራት ጋን አረቄ በአራት ጀሪካን አስደረደረ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቀምሶ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ምላሱን ያጮኻል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አስቴር! ይሄን ምን አደረግሽበት?"

"ምንም። እንደ ሌላው ነው።"

"በፍጹም! ይሄ በርሜል ውስጥ አይገባም። ለብቻው በጠርሙስ ነው የምሸጠው። ስምሽን ነው የማስጽፍበት!"

እማዬ ሳቀች። "የኔን ስም ማን ይጠጣል?"

እሱ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ተማሪዋ፣ ጽሑፍሽ እንዴት ነው?"

እንዴት እንደተደሰትኩ! በዚያ ዓመት የአማርኛ መምህርታችን ድርሰቴን ለክፍሉ በሙሉ አንብባው ስለነበር፣ ራሴን እንደ ደራሲ ነበር የማየው። አሥር ወረቀት ቆርጬ በቀይ እስክሪብቶ "የአስቴር ምርጥ፣ ከአንድ ጋን የወጣ" ብዬ ጻፍኩ። ጀሪካኑ የሞላው አሥር ጠርሙስ ነበር። መደርደሪያው ላይ ተሰልፈው ሳያቸው፣ እውነቴን ነው፣ ጓደኞቼን አንድ በአንድ እየጎተትኩ ወስጄ ከበሩ ላይ አሳይቻቸዋለሁ።

ሰውም ወደደው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ አንድ መምህር፣ "ይሄ ከበርሜሉ ጋር አይገናኝም፤ የተቆላ እህል እህል ይላል፣ ጉሮሮም አይቧጭርም" አለ ተብሎ ተወራ። አሥሩ ጠርሙስ ሳምንት አልቆየም።

ከዚያ መኩሪያ መንገድ ላይ አገኘኝ።

"የኔ ጸሐፊ! ስልሳ ጻፊልኝ።"

"ስልሳ?"

"አዎ ስልሳ። እጅሽ እኮ ወርቅ ነው!"

አሁን ሳስበው ጭንቅላቴን ከግድግዳ ጋር ባጋጨው ደስ ይለኛል። አንድ ጋን አሥር ጠርሙስ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ከሥሩ እሳት የምማግደው እኔ፣ ጀሪካኑን የምደግነው እኔ። ያ ሦስተኛው ጋን ደግሞ አልቋል። ታዲያ ስልሳው ወረቀት ምን ላይ ሊለጠፍ ነው? አልጠየቅሁም። "እጅሽ ወርቅ ነው" ተብያለኋ! ሁለት ቀን ሙሉ ተደፍቼ ስጽፍ ዋልኩ። እማዬ ማንበብ አትችልም። ለዕረፍት የተሰጠን የቤት ሥራ መስሏት "በርቺ ልጄ" ብላኝ አለፈች።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ በቅዳሜ ገበያ ጌሾ ስንገዛ፣ አንድ የማናውቀው ሰውዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አስቴር ማለት አንቺ ነሽ? ውሃሽን ጠጣነው እኮ! ምርጥ ውሃ!" አላት። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ጌሾ ሻጯ ሳትቀር ሳቀች።

"የምን ውሃ?" አለች እማዬ።

ሃና ከምትባለው ከተማ እየመጣች ሁልጊዜ ሦስት ጀሪካን የምትወስድ ደንበኛ አለችን። ለእኛ ቤት እሷ ማለት የአስቤዛው ግማሽ ናት። ያን ቀን እማዬን ወደ ጥግ ወስዳ፣ "አስቴርዬ፣ አትቀየሚኝ። ለዛሬ ከሌላ ሴት ወስጃለሁ። ወደ እኛ የሚመላለሱ ሹፌሮች ያንቺን ጠርሙስ ይዘው መጥተው፣ እዚያ ሰው ስምሽን ሲሰማ መሳቅ ጀምሯል" አለቻት።

እማዬ እኔ ሳልወለድ ጀምራ የሠራችው ስም እንዲህ በአንድ ገበያ ተበተነ።

እቤት እንደገባች ከአንዱ ጀሪካን ቀድታ ክብሪት ጫረች። ነደደ። ከሌላው ቀዳች። ነደደ። "የቱ ነው ውሃው?" አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ያን ጊዜ ነው ስልሳው ወረቀት ትዝ ያለኝ።

አልነገርኳትም። በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ፣ ክብሪቱን ይዤ ወደ ግሮሰሪው በረርኩ። ገና ስድስት ሰዓት ነበር፣ ቤቱ በገበያተኛ ሞልቷል። ያ አረቄውን ያደነቀው መምህርም አለ። መደርደሪያው ላይ የእማዬ ስም ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል።

"ጋሼ፣ ከምርጡና ከበርሜሉ ትንሽ ትንሽ ይቅዱልኝ" አልኩት።

"ምነው፣ መጠጣት ጀመርሽ እንዴ?"

ቤቱ ሳቀ።

"ላቃጥለው ነው።"

"ቅዳላት፣ እስቲ እንይ!" አለ ባንኮኒው ላይ የተደገፈ አንድ የቀይ አፈር ከተማ ሹፌር።

መኩሪያ ሁለቱን ቀዳልኝ፤ ባንኮኒው ላይ ሦስት ስኒ ማስቀመጫ ደረደርኩ። የበርሜሉ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ። ምርጥ የተባለው፣ የኔ ጽሑፍ ያለበት፣ እሱም ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከእቤት ያመጣሁት ግን ነደደ፣ ነደደ፣ ማስቀመጫው እስኪግል ነደደ። መኩሪያ እፍ ብሎ አጠፋው።

"ቤቴን ልታቃጥይ ነው?"

"ይሄ የእማዬ አይደለም! የበርሜሉ ነው!"

"ልጄ፣ የእናትሽም እኮ በርሜሉ ውስጥ አለበት። ምን ውሸት አለው?"

"ከአንድ ጋን የወጣ ይላል!"

"ጋኑማ አለቀ። ሰዉ ደግሞ 'ያንኑ አምጣ፣ የመጀመሪያውን' ይላል። ሌላ ጋን ብሰጠው 'ይሄ ያ አይደለም' ብሎ ይመልስልኛል። በርሜሉ ያው ነው፣ አያሳፍርም።"

"ውሃውስ? ውሃው ከየት መጣ?"

መኩሪያ ጨርቅ አንስቶ ባንኮኒውን መወልወል ጀመረ።

"ተይው አንቺ ልጅ" አለ ሹፌሩ። "ለእኔ ሁሉም ያው ነው። ወረቀት ያለበትን የምገዛው ለሰው ስሰጠው ስለሚያምር ነው።"

መምህሩ አንገቱን ደፋ። "እኔ መለወጡን አውቄ ነበር። ግን ተጽፎ ሳየው ምላሴን ተጠራጠርኩ" አለ። በእሱም ተናደድኩ። አስተማሪ ሆኖ!

"ለመሆኑ ማን ነው የጻፈው?" አለ መኩሪያ ፈገግ ብሎ። "የኔ ጽሑፍ እንዲህ ያምራል?"

ቤቱ እንደገና ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

"አንተ ሌባ!" አልኩት። አባቴን የሚያህል ሰው "አንተ" ብዬ አላውቅም፣ ግን አልኩት። ባንኮኒውን ዞሬ ገብቼ ወረቀቶቹን በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ። መኩሪያ እጄን ለቀም አደረገኝ። ያኔ መምህሩ ተነሳና፣ "ልቀቃት። ጽሑፉ የሷ ነው ብለህ የለ? ታንሳው" አለው። እሱም እጄን ለቀቀ። ሙጫው አስቸግሮኝ አንዳንዱ ላይ ግማሽ ስም ቀርቷል። የተላጠውን በቀሚሴ ይዤ ወጣሁ።

እማዬ ፊት ዘርግፌ ሁሉን ነገርኳት። አንዱን ቁራጭ አንስታ ገለበጠችው።

"ይሄ ሁሉ የኔ ስም ነው?"

"አዎ።"

"አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጠይቂኝ?"

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ የአራት ጋን አረቄ በአራት ጠርሙስ ይዛ፣ ስኒ ማስቀመጫና ክብሪት አስይዛኝ ገበያ ወጣች። "የሳቀብኝ ሁሉ መጥቶ ይለኩስ!" አለች። አንዳንዱ ለኮሰ፣ አንዳንዱ አፍሮ አለፈ። የሃናዋ ደንበኛችን አራቱንም ቀመሰች። እማዬ አራተኛውን እያሳየች፣ "ይቺ ትነዳለች፣ ግን ጌሾ በዝቶባታል። ከበርሜሉም ታንሳለች፣ አትውሰጂያት" አለቻት። ሴትዮዋ ስቃ የቀሩትን ሦስቱን ጀሪካን ከእቤት ወሰደች።

እዚያ ላይ የተማርኩት አለ። ለብቻው የወጣ ሁሉ ከተደባለቀው ይበልጣል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ይበልጣል፣ አንዳንዱ የባሰ ነው። ግን ለብቻው ነው ከተባለ ለብቻው መሆን አለበት! ይሄ ከባድ ነው?

ያ የሰደበን ሰውዬ ለመለኮስ አልመጣም። ከተማ ውስጥ እስካሁን "ምርጥ ውሃ" የሚሉን አሉ። መኩሪያ ደግሞ አሁን የሌላ ሴት ስም በማሽን አሳትሞ መደርደሪያው ላይ ደርድሯል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

መጻፍ ግን አላቆምኩም፣ እንዲያውም ብሶብኛል። ይህንን ለኅትመት ከመላኬ በፊት ለእማዬ አነበብኩላት። በቆሎ እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ስምሽን ልቀይረው?" አልኳት።

"ለምን? የኔን ተይው። ሰውዬውን ግን ለምን መኩሪያ አልሽው? ስሙ መኩሪያ ነው እንዴ?"

"እማዬ፣ እውነተኛ ስሙን ብጽፍ ስም ማጥፋት ነው፤ ያስከስሳል።"

እጇን ከበቆሎው ላይ አንስታ አየችኝ።

"የኔን ስም ሲያጠፋስ?" አለች።