ግማሹን ብቻ የተናገርኩ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እዘላታለሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ስለማታውቀኝ ካንተ ልጀምር።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እዚህ ፍራንክፈርት፣ በአንድ የኮምፒውተር ቺፕ አምራች ድርጅት ኮንትሮለር ነበርኩ። መሐንዲሶች የሚጠይቁትን በጀት መርምሬ ለአለቆች አቀርባለሁ። ለምለም እዚያው መሐንዲስ ነበረች፤ አስመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች፣ ሳቂታና ግትር ሴት። ልጇን ዮናስን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አበልጄ ናት።

ለምለም ለአዲስ የቺፕ አሠራር የብዙ ዓመት በጀት ጠየቀች። ጥያቄዋ ለአለቆች ከመቅረቡ በፊት ቦከንሃይም እቤቴ መጥታ፣ «አበልጄ ስለሆንክ አልደብቅህም፤ መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ቺፕ ተበላሽቶ ይጣላል። እጃችን እስኪፈታ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚደርስብን የለም» አለችኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? መሐንዲሶች በማይገቡበት ስብሰባ ላይ ግማሹን ብቻ ተናገርኩ። አብዛኛው ቺፕ ይጣላል አልኩ፤ እጅ እንደሚፈታ ግን አልተናገርኩም። አለቆቹ የዚያ ዓመት ትርፍ እንዲያምርላቸው ይፈልጉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሹመት እፈልግ ነበር። ዋሸሁ እንዴ? አልዋሸሁም፤ ይበልጥ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። ትርፉ አማረ፣ እኔም ተሾምኩ። የለምለም ቡድን ተበተነ፤ እሷም ዚንድሊንገን ሰፈር ያለ ኬሚካል ፋብሪካ ገብታ ከቺፕ ጋር ተለያየች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያን የናቅነውን አሠራር ከዓመታት በኋላ ከታገሡት ተፎካካሪዎቻችን በውድ ገዛነው።

የባሰውን ልንገርህ። ሥራዋን ያጣች ሰሞን መጥታ አመሰገነችኝ! እንደተሟገትኩላት እርግጠኛ ነበረች፤ አበልጅ ሌላ ምን ያደርጋል? እኔ ፈሪው «ኧረ ምን አደረግሁና» ብዬ ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ዛሬም ድረስ በየበዓሉ እቀበላለሁ።

ዘንድሮ ዮናስ እርዳታ ጠየቀኝ። እንደ እናቱ የቺፕ መሐንዲስ ሆኗል፤ እሱም ፍሬው ቶሎ ለማይታይ ሥራ በጀት ሊጠይቅ ነበር። ላይፕሲገር መንገድ ካለች ካፌ ተቀምጠን የማውቀውን ሁሉ አስተማርኩት። «ኪሳራውን አትደብቅ። ግማሹን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ሙሉውን አንተው ንገራቸው» አልኩት።

«ቮሄር፣ ጋሼ? ይህን ከየት አወቁት?» አለኝ።

«ከሥራ» አልኩት። አሁንም ግማሹን!

በጀቱ ተፈቀደ። ዮናስ ሲደውልልኝ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ወዲያው ለምለም ስልኩን ተቀብላው፣ «እሑድ ዳቦ እደፋለሁ፤ ባርከህ የምትቆርሰው አንተ ነህ። ደግሞ ቴርሚን አለኝ፣ ቀጠሮ አለኝ እንዳትለኝ!» አለች።

እሑድ እንግዶች ሳይመጡ ቀድሜ እሄዳለሁ። ዘመኑ ነው፣ አለቆቹ ናቸው አልልም፤ በገዛ አፌ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቢላዋውን ሳልነካ ሙሉውን እነግራታለሁ። ትቆጣ ይሆናል፤ ከቤቷም ታስወጣኝ ይሆናል፤ መብቷ ነው። ግን እኔ ያስቆምኩባትን ዓይነት ሥራ ልጇ ሊጀምር ነው፤ ይህን ደስታዋን በሐሰት ምስጋና ላበላሽባት አልፈልግም። ይቅር ብላ ቁረስ ካለችኝ እቆርሳለሁ። አለዚያ ዳቦውን ዮናስ ይቁረሰው፤ እኔ ከደጅም ሆኜ እመርቀዋለሁ።