የለተይ ፋይል

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለእናንተ የምነግራችሁም እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ከዓመታት በፊት እዚሁ መቐለ፣ የቆሰሉ ወታደሮች ለጡረታ አበል የሚያቀርቡትን ማመልከቻ የምሞላ ጸሐፊ ነበርኩ። ቅጹ ላይ ጉዳቱ «በግዳጅ ላይ» ወይም «ከግዳጅ ውጪ» ተብሎ ይጻፋል። የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አለቆቼ እኔን አምነው ይፈርማሉ።

አንድ ቀን ለተይ የምትባል ወታደር በክራንች መጣች። የጦሩ ምግብ አብሳይ ነበረች። ምሽግ ውስጥ ላሉት ምሳ ስታደርስ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወድቆ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጠው።

«መሣሪያ ይዘሽ ነበር?» አልኳት።

«ድስት ነው የያዝኩት፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ተዋጊ ሳይበላ ይዋጋል እንዴ?»

«ከግዳጅ ውጪ» ብዬ ጻፍኩ። መመሪያው ለተዋጊ ምግብ ማድረስንም ግዳጅ እንደሚል አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ጻፍኩ? ያን ሰሞን በሐሰት ያለፈ ፋይል አለ፣ ቁጥጥር ሊመጣ ነው ይባል ነበር። የሐሰቱ ፋይል የእኔ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ኪሮስ ወታደር ነበር። ፈቃድ ወጥቶ ቁሓ ከነበረ ሰርግ ሲመለስ ከሞተር ወድቆ ክንዱ ሽባ ሆነ። ለእሱ «በግዳጅ ላይ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማንንም በቀላሉ የማላሳልፍ፣ ጥብቅ ሠራተኛ መስዬ መታየት ነበረብኝ። ለዚያ የመረጥኳት ለተይን ነው።

ይግባኝ ብላ ሁለት ጊዜ መጣች። ሁለቱንም ጊዜ «ፋይልሽ አልተገኘም» አልኳት። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት። ከዚያ በኋላ መምጣት ተወች።

ባለፈው ወር ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስትሸጥ አየኋት። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርቷን መደርደር አላቆመችም።

«ይቅርታ ፈልገህ ከሆነ የመጣኸው ወደ ቤትህ ሂድ» አለችኝ። «ያደረግከውን በፊርማህ ጻፍ።»

ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ አስገባሁ። የኪሮስንም ጨምሬ ጻፍኩ፤ እሱን ትቼ የእሷን ብቻ ብጽፍ ያው ሌላ ውሸት ነበር። ኪሮስ «ልጆቼን ልታስርብ ነው?» ብሎ ከቤቴ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። ዘመዶች ተሰብስበው መጡ። ደብዳቤውን አንሣ፣ ወንድምህን አታዋርድ አሉኝ። እስር ቤት ትገባለህም አሉኝ።

ልግባ! አላነሣም። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ፈርቼ ነው አልልም። ፈርቼ ነበር፤ ግን የፈራ ሁሉ የሰው ፋይል መሳቢያ ውስጥ አይደብቅም። ለተይ ይቅር አላለችኝም፣ እንድትለኝም አልለምናትም። እናንተም አትማሩኝ። ፋይሏ እንደገና ተከፍቷል፤ ሰኞ ጉዳቷን የሚመረምረው የሕክምና ቦርድ ፊት ትቀርባለች። ምስክሯ እኔ ነኝ።